ገጭቶ የካደ አሽከርካሪ፦ ወጪያችንን እንዴት እናስመልስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት መገናኛ አካባቢ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ከኋላ ተገጨሁ። የቪትዜ የኋላ ፓራውልት አንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ቀረ። የቀኙ ስቶፕ መብራት አስፋልቱ ላይ ረገፈ። የገጩኝ ሰው በዕድሜ ጠና ያሉ ነበሩ። ወርደው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ትራፊክ ጠርተን እዚህ ፀሐይ ላይ ከምንገተር ስልኬን ያዝ። ነገ ጋራዥ አስገባው፣ እኔ አሠራልሃለሁ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ተለያየን።

በማግስቱ ደወልኩ፣ አይነሳም። በሦስተኛው ቀን አነሱት። «ድንገት ፍሬን የያዝከው አንተ! የኔ መኪና መጎዳቱንስ መች ጠየቅከኝ?» አሉና ስልኩ ተዘጋ። በእጄ የነበረው አንድ የስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ታርጋቸውን እንኳ አልጻፍኩም። ማሠሪያውን ከኪሴ ከፈልኩ።

በኋላ እህቴ አደባባይ ውስጥ በፒክአፕ ስትገጭ ግን ከመንገዱ እስከ ፍርድ ቤት አብሬያት ዞርኩ። ያኛው ሹፌር ገና ከመኪናው ሳይወርድ ነበር የካደው። እሷ ግን ገንዘቧን አገኘች። ሁለቱን ጉዳዮች የለያቸው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ የተያዘው ፎቶና ወረቀት ነው። ስለዚህ ከዚያ ግማሽ ሰዓት እጀምራለሁ።

ጠበቃ አይደለሁም። የምነግራችሁ አዲስ አበባ ላይ የሄድንበትን መንገድ ነው። ክልል ላይ የመሥሪያ ቤቶቹ ስም ይለያያል እንጂ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያው ነው።

1. መኪናዎቹ ሳይነሱ ፎቶ አንሱ

መጀመሪያ ሰው ተጎድቶ እንደሆነ እዩ። ተጎድቶ ከሆነ ሌላው ሁሉ ይቆይ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው።

ሰው ደህና ከሆነ ስልካችሁን አውጡ። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባ ይነፋል፣ ሚኒባሱ ይሳደባል። አንድ ሁለት ደቂቃ ይታገሡ። ብዙ ሰው የተሰበረውን ፓራውልት ብቻ በቅርብ አንስቶ ይሄዳል። የተሰበረ ፓራውልት ግን ማን እንደሰበረው አይናገርም። ጥፋተኛውን የሚያሳየው የመኪናዎቹ አቀማመጥ ነው።

ስለዚህ ራቅ ብላችሁ ጀምሩ። ሁለቱም መኪናዎች፣ የመንገዱ መስመር፣ ዘብራው፣ አደባባዩ ወይም መብራቱ በአንድ ላይ የሚታዩበት ፎቶ ያስፈልጋል። ከአራቱም አቅጣጫ አንሱት። ከዚያ ቀረብ በሉ፦ የጎማዎቹ አዙሪት ወዴት ነው? የፍሬን ምልክት አለ? የመስታወቱ ስባሪ የወደቀው የት ነው? በመጨረሻ የሌላውን መኪና ታርጋ፣ የፊት መስታወቱ ላይ ያለውን የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ስቲከርና ቦሎውን አንሱ።

በእህቴ ጉዳይ ሹፌሩ «እሷ ናት ዘላ የገባችብኝ» አለ። አንድ ፎቶ ላይ ግን የፒክአፑ የኋላ ጎማዎች ገና ከአደባባዩ መግቢያ መስመር ውጭ ናቸው። የእሷ መኪና ሙሉ በሙሉ አደባባዩ ውስጥ ነው። የቀኝ የኋላ በሯ መስታወት የረገፈው እዚያው ውስጥ ነው። አደባባይ ውስጥ ቀድሞ የገባ ቅድሚያ እንዳለው መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ያውቃል። ከስድስት ወር በኋላ ፍርድ ቤት ብዙ ጊዜ የታየው ይኸው ፎቶ ነው።

ሌላው ምስክር ነው። ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ላይ «እኔ እመሰክራለሁ» ይላል። ወዲያው ስሙንና ስልኩን ያዙ፣ እዚያው ደውላችሁ መሥራቱን አረጋግጡ። ሁለት ሰው ይበቃል። ዘመድና አብሯችሁ የነበረ ተሳፋሪም ይመሰክራል፤ ከመንገድ ዳር የተገኘ ሊስትሮ ወይም ባለሱቅ ግን የበለጠ ይታመናል።

ቀና ብላችሁ ካሜራም ፈልጉ። ባንክ፣ ፋርማሲ፣ ካፌ ደጃፍ ካሜራ አለው። ቀረጻው በራሱ ላይ እየተጻፈ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል። እኛ በሦስተኛው ቀን ፍላሽ ይዘን ሄደን አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ባለቤት በትሕትና ስንጠይቃቸው ገለበጡልን። ባንኮች በፖሊስ ደብዳቤ ካልሆነ አይሰጡም። ስለዚህ ካሜራ መኖሩን ለትራፊክ ፖሊሱ ንገሩትና መዝገቡ ላይ ያስፍረው።

2. ትራፊክ ይምጣ፣ ፕላን ይነሳ

ትራፊክ ፖሊሱ ቦታውን ለክቶ የሚስለው ፕላን የጉዳዩ ዋና ሰነድ ነው። ኢንሹራንሱም ዳኛውም ቀድመው የሚጠይቁት እሱን ነው። ሌላው አሽከርካሪ «ትራፊክ ለምን? እንስማማ» ካለ በተለይ ትራፊክ ይጠራ።

ፕላኑ ሲነሳ አጠገቡ ቁሙ። የት እንደነበራችሁ፣ በምን ፍጥነት፣ የትኛው ረድፍ ላይ እንደነበራችሁ በረጋ መንፈስ ተናገሩ። መጨቃጨቅ አይጠቅምም። ቃላችሁ ሲጻፍ ግን ሳታነቡ አትፈርሙ። ያላላችሁት ነገር ከተጻፈ ወይም መኪናችሁ የተሳለበት ቦታ ትክክል ካልሆነ እዚያው እንዲስተካከል ጠይቁ። ካልተስተካከለም ተቃውሟችሁን በጽሑፍ አስፍሩ። ፎቶው በእጃችሁ ስላለ «ይኸው» ማለት ትችላላችሁ። ከሳምንት በኋላ ፕላን ማስቀየር ከባድ ነው።

የፖሊሱን ስም፣ የመጣበትን ክፍለ ከተማና የመዝገብ ቁጥሩን ያዙ። ሪፖርቱን በኋላ የምትወስዱት በዚያ ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ ኢንሹራንሱ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ፖሊስም ለኢንሹራንሱ ይመልሳል። ኢንሹራንስ ከሌላችሁ ራሳችሁ ማመልከቻ ታስገባላችሁ።

ለምን ይሄ ሁሉ? ግማሽ በግማሽ የሚለው ሕግ

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2084 ስለ ሁለት ተሽከርካሪዎች ግጭት ይናገራል። መነሻው ሁለቱም እኩል ለአደጋው ምክንያት እንደሆኑ ይቆጠራሉ የሚል ነው። እያንዳንዱ ባለቤት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይሸከማል። ይህ የሚቀረው አደጋው በሙሉ ወይም በዋነኛነት በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ከተረጋገጠ ነው።

«የጠቅላላውን ጉዳት» የሚለውን በደንብ አንብቡት። የሁለቱ መኪና ጉዳት ይደመርና ለሁለት ይከፈላል ማለት ነው። የእናንተ መኪና 60 ሺህ ብር፣ የሱ 20 ሺህ ብር ተጎዳ እንበል። ድምሩ 80 ሺህ ነው። እያንዳንዳችሁ 40 ሺህ ትሸከማላችሁ። ከሱ የምታገኙት 20 ሺህ ብቻ ነው።

አሁን ገልብጡት። የናንተ አሮጌ ኮሮላ ነው፣ ጉዳቱ 30 ሺህ። የሱ አዲስ ላንድክሩዘር ነው፣ ጉዳቱ 250 ሺህ። ድምሩ 280 ሺህ፣ ግማሹ 140 ሺህ። እሱ ጥፋተኛ መሆኑን ካላስረዳችሁ የተገጫችሁት እናንተ ሆናችሁ 110 ሺህ ብር ልትከፍሉ ትችላላችሁ።

የካደ አሽከርካሪ የሚተማመነው በዚህ ነው፣ ሕጉን ባያውቀውም። ማስረጃ ከሌለ ክህደቱ ግማሹን ዕዳ ከሱ ላይ ያነሳለታል። ፎቶ፣ ፕላንና ምስክር ሲኖር ደግሞ መነሻው ግምት ይፈርሳል። ቆማችሁ ከኋላ የተገጫችሁ ከሆነ ወይም በትክክል ያቆማችሁት መኪና ከተገጨ ማስረዳቱ ቀላል ነው። መስቀለኛ መንገድ፣ ረድፍ መቀየርና አደባባይ ላይ ግን ነገሩ በዝርዝር ላይ ይወድቃል።

3. መስማማት ከፈለጋችሁ በወረቀት ይሁን

ስምምነትን አልጠላም። ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ፣ ሰውየውም ካመነ፣ ፍርድ ቤት መመላለስ ለማንም አይበጅም። ለአንድ ስፖኪዮ ዓመት የሚሟገት ሰው አይቻለሁ፤ ድካሙ ከስፖኪዮው በለጠ። ግን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትለያዩ። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይበቃል። እንዲህ ጻፉት፦

«እኔ (ሙሉ ስም)፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር …፣ የሰሌዳ ቁጥር … የሆነውን መኪና ሳሽከረክር ዛሬ (ቀንና ሰዓት) (ቦታ) ላይ ቆሞ የነበረውን የሰሌዳ ቁጥር … መኪና ከኋላ ገጭቻለሁ። የኋላ ፓራውልቱ፣ የቀኝ ስቶፕ መብራቱና የኋላ በሩ ተጎድቷል። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አምኜ ሙሉ የማሠሪያ ወጪውን እስከ (ቀን) ለመክፈል ተስማምቻለሁ።»

ይፈርም፣ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ። የመንጃ ፈቃዱንና የሊብሬውን ፎቶ አንሱ። እሱ ይህን ለመፈረም እምቢ ካለ ነገ እንደሚክድ ዛሬ ነግሯችኋል። ትራፊክ ይጠራ።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሙሉ ኢንሹራንስ ካላችሁ ኢንሹራንሳችሁን ሳታማክሩ «ተስማምቼ ይቅር ብያለሁ» የሚል ወረቀት አትፈርሙ። በንግድ ሕጉ ቁጥር 683 መሠረት ኢንሹራንሱ ለናንተ ሲከፍል በናንተ ቦታ ተተክቶ ገጪውን ይጠይቃል። እናንተ አስቀድማችሁ ያንን በር ከዘጋችሁበት «አልከፍልም» ሊላችሁ ይችላል።

4. ኢንሹራንሳችሁን በዚያው ቀን አሳውቁ

ጥፋተኛ ባትሆኑም፣ ሦስተኛ ወገን ብቻ ቢኖራችሁም አሳውቁ። ሌላው ሰው እናንተን ሊከስ ይችላልና። የአደጋ ማሳወቂያ ቅጹን ሙሉ። ቅጹ ላይ የጻፋችሁትና ለፖሊስ የሰጣችሁት ቃል አንድ መሆን አለበት። በሁለቱ መካከል ያለች ትንሽ ልዩነት በኋላ በመስቀለኛ ጥያቄ ትወጣለች።

ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው ሰው መንገዱ አጭር ነው። ኢንሹራንሱ ያሠራለታል፣ ከካደው ሰው ጋር የሚሟገተውም ኢንሹራንሱ ነው። እናንተ የምትከታተሉት የከፈላችሁትን ኤክሰስ (ከጉዳቱ ራሳችሁ የምትችሉትን ድርሻ) እና ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን ለምሳሌ የተቋረጠ ገቢ ነው። የሚቀጥለው በዋናነት ሦስተኛ ወገን ብቻ ላላችሁ ነው።

5. ጉዳቱን በብር አስተምኑ

መኪናውን ሳታሠሩ በፊት ሦስት ጋራዥ ወስዳችሁ ፕሮፎርማ ውሰዱ። ማኅተም ያለበት፣ ዕቃና የእጅ ዋጋ ለየብቻ የተጻፈበት ይሁን። «ጠቅላላ ማሠሪያ» ብሎ አንድ ቁጥር የሚጽፍ ፕሮፎርማ ፍርድ ቤት ላይ አያስኬድም። የሚቀየረው ዕቃ፣ ባትራው፣ ቀለሙ በየመስመሩ ይቀመጥ።

አሁን ስለ ሶማሌ ተራ። ሁላችንም ዕቃ እዚያ ርካሽ እንደሆነ እናውቃለን። ያገለገለ የኋላ በር ያለ ደረሰኝ ገዝታችሁ ልታስገጥሙ ትችላላችሁ። ግን ያለ ደረሰኝ ያወጣችሁትን ብር ማስረዳት ያዳግታችኋል። ገንዘቡን ማስመለስ ካሰባችሁ ደረሰኝ ከሚሰጥ ግዙ፣ ወይም ቢያንስ ክፍያውን በባንክ አስተላልፉ። የተቀየረውን ዕቃ አትጣሉ። እህቴ የተጣመመውን በር ጓሮ አስቀምጣ ነበር። የፒክአፑ ኢንሹራንስ ባለሙያ «በሩ መቀየር ነበረበት ወይስ በባትራ ይድን ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ በሩን አሳየችው። ማጠፊያው ድረስ ተሰንጥቋል። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ከማሠሪያው ሌላ ምን ይጠየቃል? የጎታች ክፍያ፣ የመኪና ማቆሚያ ክፍያና በመኪናው የምትሠሩ ከሆነ የተቋረጠ ገቢ። ራይድ ወይም ሌላ አገልግሎት የሚሠራ ሰው ከአደጋው በፊት ያለውን የሁለት ሦስት ወር የጉዞ መዝገብ ከአፑ አውጥቶ ያስቀምጥ። «በቀን ይህን ያህል አገኝ ነበር» ማለት ብቻ አይበቃም። መኪናውን ግን ያለ ምክንያት ወራት አቁማችሁ ኪሳራ አትቁጠሩ። ልትቀንሱት ስትችሉ የተዋችሁት ጉዳት አይካስላችሁም።

6. የምትጠይቁት ማንን ነው?

ሹፌሩን ብቻ ይዛችሁ አትሟገቱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የነዳው ሰው መኪናውን ለመንዳት ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ይጠየቃል። መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ነው የሚድነው። «ሹፌሬ ነው፣ እኔ አላውቅም» የሚል መልስ ዕዳውን አያስቀርለትም።

ባለቤቱን የምታገኙት በታርጋው ነው። ስሙ ከፖሊስ ሪፖርቱ ላይ ካልተገኘ የተሽከርካሪ ፈቃድ መሥሪያ ቤት መዝገብ አለው፤ አስፈላጊ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ይጽፋል።

የሀገራችን ልዩ ችግር የውክልና መኪና ነው። መኪናው ተሽጧል፣ ሊብሬው ግን በሻጩ ስም ነው፣ ገዢው በውክልና ይነዳል። የእህቴን የገጨው ፒክአፕ እንዲህ ነበር። ባለ ሊብሬዋ «ከሸጥኩት ሁለት ዓመት ሆኖኛል» አሉ። ገዢው ደግሞ «በስሜ አይደለም» አለ። መፍትሔው ሁለቱንም ከነሹፌሩ መክሰስ ነው። እርስ በርስ ይሟገቱ፣ እናንተን ግን መሀል ላይ አይጥሏችሁ።

7. የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ

አንድ ገጽ ይበቃል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሁለቱን ታርጋዎች፣ የፖሊስ መዝገብ ቁጥሩን፣ የጉዳቱን መጠንና የመክፈያ ቀን ጻፉ። አሥራ አምስት ቀን መስጠት በቂ ነው። ስድብና ዛቻ አታስገቡበት፤ ደብዳቤው አንድ ቀን ዳኛ ፊት ይነበባል። ፎቶውንና ፕሮፎርማውን አያይዙ። በእጅ ስትሰጡ ቅጂው ላይ አስፈርሙ። አልቀበልም ካለ በአደራ ፖስታ ላኩና ደረሰኙን ያዙ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው «ዛሬ ነገ» ነው። «ደመወዝ ይግባ»፣ «ከበዓል በኋላ»፣ «ወንድሜ ከውጭ እስኪልክ»። የማትረሱት ቀን ይኑራችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ያለው ወንጀል ከሆነ በዚያው ይሄዳል። በዚህ ግን አትተማመኑ፤ ሁለት ዓመቱን ቁጠሩ።

8. የሱን ኢንሹራንስ በቀጥታ አግኙት

ስቲከሩን ፎቶ ያነሳችሁት ለዚህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን ዋስትና ሊኖረው ግድ ነው። ዋስትናው በሌላ ሰው ንብረት ላይ የደረሰን ጉዳትም ይሸፍናል። አዋጁ ሲወጣ የንብረት ጉዳት ጣሪያው 100 ሺህ ብር ነበር። አሁን የሚሠራበትን ጣሪያ ኢንሹራንሱን ጠይቁ። ከጣሪያው የሚተርፈውን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

የፖሊስ ሪፖርት፣ ፎቶ፣ ፕሮፎርማና ማመልከቻ ይዛችሁ የካሳ ክፍሉ ሂዱ። ማመልከቻችሁ በመዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠው። የምትሰሙት መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ደንበኛችን ጥፋተኛ አይደለሁም ብሏል» ነው። አትደንግጡ። በጽሑፍ መልሱልኝ በሉ። በጽሑፍ የተሰጠ «አንከፍልም» ለፍርድ ቤቱ ማስረጃ ይሆናል።

9. ክስ

አዲስ አበባ ውስጥ ክሱ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። አደጋው የደረሰበት ወይም ተከሳሹ የሚኖርበት ቦታ ያለውን ምድብ ምረጡ። ክልል ላይ ወረዳ ፍርድ ቤት ጠይቁ። የክስ ማመልከቻው ላይ የምትጠይቁትን ብር በዝርዝር ጻፉ፣ የሰነድና የምስክር ዝርዝር አያይዙ። የቪዲዮ ቀረጻ ካላችሁ እሱንም ዝርዝሩ ላይ አስገቡት። የዳኝነት ክፍያው በምትጠይቁት ገንዘብ ልክ ይታሰባል። ስታሸንፉ ይህንና ሌላ ወጪያችሁን ከተከሳሹ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሕጋዊ ወለድም 9 በመቶ ነው፣ በዳኝነት ጥያቄያችሁ ውስጥ አስገቡት፤ ያልጠየቃችሁትን ዳኛ አይሰጣችሁም።

መኪናው በመሀል ይሸጥብኛል ብላችሁ ከሠጋችሁ የስም ዝውውሩ እንዲታገድ ማመልከት ይቻላል። ፍርድ ቤቱ ካመነበት ለተሽከርካሪ መሥሪያ ቤቱ ይጽፋል። የውክልና መኪና ላይ ይህ በጣም ይሠራል። እግዱ በደረሰ ሳምንት ነው የፒክአፑ ገዢ ራሱ የደወለልን።

ተከሳሹ መጥሪያ ሲደርሰው ኢንሹራንሱ በክርክሩ እንዲገባለት ይጠይቃል። ይህ ለናንተ ጥሩ ነው፤ የሚከፍል አቅም ያለው ወገን ገባ ማለት ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «በትራፊክ ክሱ ነፃ ተብያለሁ» ብሎ ወረቀት ይዞ ይመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 መሠረት የወንጀል ችሎት ነፃ ማለቱ የካሳውን ዳኛ አያስገድድም። ማስረጃችሁን አቅርቡ። በተቃራኒው እሱ ከተቀጣ የቅጣት ውሳኔውን ቅጂ አያይዙ።

ከሙግቱ በፊት ፍርድ ቤቱ ወደ አስማሚ ሊመራችሁ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የተዘረጋ አሠራር ነው። እምቢ አትበሉ። እኛ የጨረስነው እዚያ ነው። ኢንሹራንሱ መጀመሪያ ግማሹን እንክፈል አለ፣ ያቺን የግማሽ በግማሽ ሕግ ይዞ። እህቴ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ የሱቁን ቀረጻ ከፈተችው። ዐሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ፒክአፑ ሳይቆም ሲገባ ይታያል። የኢንሹራንሱ ሰው ሁለቴ አየው። «የበሩን ዋጋ ትንሽ ቀንሱልን» አለ። ትንሽ ቀነስንለት።

10. ከፍርዱ በኋላ

ስምምነቱ ወይም ፍርዱ ተጽፎ በፍርድ ቤቱ ይጽደቅ። ካልተከፈለ አዲስ ክስ አያስፈልግም፤ የአፈጻጸም መዝገብ ትከፍታላችሁ። ፍርድ ቤቱ የባንክ ሒሳብ፣ ደመወዝ ወይም መኪናውን ራሱን ማስያዝ ይችላል።

ገንዘቡ ሲገባ ተቀብያለሁ ብላችሁ የምትፈርሙት ወረቀት ላይ የተጻፈው ብርና የገባው ብር አንድ መሆኑን እዩ። ቀሪ ካለ «ቀሪው ይህን ያህል» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉበት። ሁሉም ከተከፈለ ደግሞ ሊብሬው ላይ ያስጣላችሁትን እግድ ለማስነሳት ማመልከቻ አስገቡ። እህቴ ይህን ያስገባችው ገንዘቡ በገባ በማግስቱ ነው።